ክትባትና ተወኩል

በአላህ የሚመካ ሐጃጅ ክትባት ለምን ያስፈልገዋል? ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ7ኛው መቶ ዘመን ኸሊፋው ዑመር ወደ ሻም (ሶርያና አካባቢዋ) ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ከመንገድ ተመለሱ። በሻም የነበሩት የጦር አዛዥ አቡ ዑበይዳ ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ ሲሉ ሞገቷቸው፤ ዑመር ከአንዱ ቀደር (የአላህ ውሳኔ) ወደ ሌላው ቀደር መሄድ ነው ብለው መለሱ። በዚህ እይታ በሽታውም መከላከያውም ከውሳኔው ውስጥ ናቸው፤ ተወኩልን፣ ማለትም በአላህ መመካትን፣ ጥንቃቄ አያፈርሰውም።

ጉዳዩ የሚከብደው ሌላው ሰው ሲታሰብ ነው። ሐጃጆች በሚያድሩባት ሚና ላይ ከየአህጉሩ የመጣ ሕዝብ በድንኳን ጎን ለጎን ይተኛል፤ የወጣቱ ጉንፋን ለአጠገቡ አዛውንት የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ በእርጅና ስለሚደክም የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም በአዛውንቶች ላይ ጉልበቱ ያንሳል፤ መጠኑ ከፍ ያለ ክትባት የተዘጋጀላቸውም ለዚሁ ነው። ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ በጉዞው ዋዜማ መወጋት ብዙም አይጠቅም። ወጣቱ ሲከተብ ቫይረሱን የማስተላለፍ ዕድሉ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሌላውን አለመጉዳት በእስልምና ሕግ መርህ ነውና ክትባትን የግል ምርጫ ብቻ ማድረግ ያስቸግራል።

በአንዳንድ ክትባት ውስጥ ባለው የአሳማ ጄላቲን ላይ የሚነሣው ሃይማኖታዊ ክርክር ግን አዛውንቶችን እምብዛም አይነካም፤ ጄላቲኑ ያለበት በአፍንጫ የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለእነሱ አይታዘዝም።

አዛውንቶችን የነካው የዕድሜ ገደብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሳዑዲ ዓረቢያ ለሐጅ የፈቀደችው የኮቪድ ክትባት ለወሰዱና ከ65 ዓመት በታች ለሆኑ ብቻ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲቆጥብ የኖረ ሽማግሌ ተከትቦም ቀረ። ሕይወቱን ማዳን ነው ቢባልም፣ ከአምልኮው ያገደው ጥበቃ ፍትሐዊ መሆኑ ያጠያይቃል። የዕድሜ ገደቡ በ2023 ተነሣ።