ደም በፈሰሰበት ቦታ ስለ መዝናናት

በዓል ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው ዕረፍት ነው፣ ሁለተኛው መታሰቢያ ነው። ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል። የሚዝናናው ሐዘን እንዲነሣበት አይወድም፤ የሚያስታውሰውም የሚስቀውን ይነቅፋል። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ ተስማምተው ሊኖሩ ይችሉ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ የአርበኞች የድል በዓል ነው። ፋሺስቶች አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከስደት ተመልሰው የገቡት በዚያው ቀን በ1933 ዓ.ም. ነው። በዚህ በዓል ጧት በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ከተመለከትሁ በኋላ፣ ዳገቱን ይዤ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው ወደ ቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወጣሁ። ቤቱ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለ ሙዚየም ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት፣ የየብሔረሰቡ የሥራና የቤት ዕቃ፣ የጥንት መስቀልና ሥዕል ይታይበታል። በግቢው ዛፎች ጥላ ሥር በዓል ያከበሩ ቤተሰቦች ዐረፍ ብለው ነበር።

ነገር ግን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት በዚሁ ግቢ ነው። ምጽዋት ሊቀበሉ የተሰበሰቡት ድኆች በጥይት የረገፉትም እዚሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በየመንገዱ ተገደለ፣ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበችው ቍጥር የሞተው 30,000 ያህል ነው። ከበሩ ውጭ ባለው አደባባይ የቆመው ሐውልትም በዙሪያው በተቀረጸው ምስል ይህንኑ ይመሰክራል።

ሕፃናት እየተሳሳቁ ሲሯሯጡ ያዩ አንድ ሽማግሌ፣ «እዚህ ቦታ ላይ አይሳቅም!» ብለው ተቈጡ። የአንዱ ልጅ እናትም በትሕትና፣ «አባባ፣ እነዚያስ የሞቱት ልጆች እንዲስቁ ብለው አይደለም?» አለቻቸው። ሽማግሌው ዝም አሉ። እኔ ግን ሁለቱም እውነት እንደያዙ ተሰማኝ።

በሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለው ደረጃ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚቈጠር ለአንድ የፋሺስት ዓመት የቆመ ነው። ኢትዮጵያውያን ከድል በኋላ ደረጃውን አላፈረሱትም፤ በዐናቱ ላይ የአንበሳ ሐውልት አኖሩበት። አፍርሰውት ቢሆን ኖሮ፣ የዛሬ ልጅ ምን እንደነበረ ለመጠየቅ ምክንያት ባላገኘ ነበር። እንዳለ ትተውት ቢሆን ደግሞ የገዢው ትዕቢት ብቻውን ሲናገር በኖረ ነበር። እነርሱ ግን ሐዘኑንም ድሉንም በአንድ ድንጋይ ላይ አቆሙ።

እንግዲህ ነውሩ መሳቁ ሳይሆን ሳያውቁ መሳቁ ነው እላለሁ። ሽማግሌው መታሰቢያው እንዳይጠፋ መፍራታቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የመታሰቢያ ጠላቱ ደስታ ሳይሆን ዝምታ ነው። የእናቲቱም መልስ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዕዳ ያስከትልባታል። ልጇ በእነማን ሞት እንደሚስቅ ካልነገረችው፣ መልሷ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ተረቱ የሚናገረው በሕይወት ስላለው ስለ ተወጋው ነው። ያን ዘመን በዐይናቸው ካዩት አብዛኞቹ አልፈዋል። ትዝታ እንደ መልክ ከአባት ወደ ልጅ በደም አይወረስም፤ ካልተነገረ የተወጋውም ልጅ ይረሳል።

ስለዚህ ልጆቻችንን በበዓል ቀን ወደ ሙዚየምና ወደ አትክልት ቦታ እንውሰዳቸው፤ ይሩጡ፣ ይሳቁ፣ ምሳቸውንም በዛፍ ጥላ ይብሉ። አስቀድመን ግን በሐውልቱ ፊት ጥቂት አቁመን የሆነውን በዕድሜያቸው መጠን እንንገራቸው። ነገሩን ዐውቆ የሚስቅ ልጅ ሙታንን አያዋርድም፤ ያልሞተላቸው ነገር እርሱ ራሱ ነውና።