ያልተጠየቀ ችሮታ

በካሪቢያን ባሕር በሚመላለሱ የሽርሽር መርከቦች ጉዞ የሚያደርግ አንድ መንገደኛ፣ ከታችኛው ወለል መኻል ላይ የሚገኝ መስኮት አልባ ክፍል መርጦ ይከፍላል እንበል። ባሕር ያመዋልና፣ ማዕበል ሲነሣ የመርከቡ ውዝዋዜ እጅግ የሚቀንሰው በዚያ ሥፍራ መሆኑን ያውቃል። በጉዞው ዋዜማ ግን ኩባንያው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከላይኛው ወለል፣ ከመርከቡ አፍንጫ አጠገብ ወደሚገኝ ባለበረንዳ ክፍል እንዳዛወረው ያበሥረዋል።

ታዲያ ይህ ችሮታ ነው ወይስ በደል? በዋጋ ሠንጠረዥ ሲመዘን ዕድገት ነው፤ በመንገደኛው ሕመም ሲመዘን ጉዳት ነው። የተለቀቀው ርካሽ ክፍል ለሌላ ገዢ ሊሸጥ ስለሚችል፣ የሰጪው እጅም ከጥቅም የጸዳ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ክፍል የመለወጥ መብታቸውን በቲኬቱ ውል ያስጠብቃሉ። ክፍሉን ኩባንያው እንዲመርጥለት ተስማምቶ በቅናሽ የሚጓዝ ሰውም ቅሬታ ሊያነሣ አይችልም። ራሱ የመረጠ ሰው ግን ከክፍሉ ጋር ምርጫውንም ገዝቷል። ውል የፈቀደው ሁሉ ፍትሕ ሊሆን ስለማይችል፣ ሰውን ማክበር የሚጀምረው «ይፈልጉታል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ነው።