ተዘክሮና ስርየት በትእዛዝ መስመር ላይ

ሰው የተናገረውን ሁሉ መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ ረዳቱ ነውን ወይስ ከሳሹ ብሎ መጠየቅ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም፤ በፓይተን ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ ከተጠቃሚው ቃል የሚቀበል ሁሉ፣ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፣ ለዚህ ጥያቄ በሥራው መልስ ይሰጣል።

በሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ያለ ረዳት ሲሠራ፣ ተጠቃሚው የሳተውን ፊደል ለማረም የግራውን ቀስት ቢጫን፣ ጠቋሚው በመመለስ ፈንታ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይደረደሩበታል፤ ነገር ግን የፕሮግራሙ ጸሐፊ፣ ብራያን ፎክስ የጀመረውንና ቼት ሬሚ ለብዙ ዘመን ሲጠብቀው የኖረውን፣ ሪድላይን የተባለውን የመስመር ማረሚያ በአንዲት መስመር የጠራ እንደ ሆነ፣ ቃሉ ኢንተር ሳይጫን ይታረማል፣ የላይኛውም ቀስት ያለፈውን ትእዛዝ መልሶ ያመጣል። እርማት ከድርጊት በፊት፣ ተዘክሮ ከድርጊት በኋላ፤ ሁለቱም ለደካማው ባሕርያችን ታላቅ ረድኤት ናቸው።

ተዘክሮው በፋይል ተጽፎ ሲቀር ግን ነገሩ ይከብዳል፤ በተራው መቀበያ የገባ የይለፍ ቃል ከሌሎቹ ትእዛዛት ጋር ተመዝግቦ ይኖራልና፣ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት የንስሐ አባት የሰማውን ምሥጢር ይጠብቃል፣ ንስሐ የገባውም ስርየትን ያገኛል እንጂ በደሉ በአደባባይ አይነበብበትም፤ ማሽን ግን ይህን ምሕረት ከራሱ አያፈልቅምና ግዴታው በጸሐፊው ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ፕሮግራም የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ተዘክሮውን አኑሩ፣ ነገር ግን ርዝመቱን ወስኑ፤ የይለፍ ቃልን፣ ሳያሳይና በተዘክሮ ሳይመዘግብ በሚቀበለው በፓይተኑ ጌትፓስ ተቀበሉ፤ ተጠቃሚው ይጥፋልኝ ያለውንም አጥፉለት።