ይዞ መልቀቅ ምሕረት ነውን?

ነገሩ የተጀመረው ዌብ ወንዝ ዳር ነው። በዕረፍታችን ጊዜ ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ወደ ባሌ ወጣንና፣ ፈቃድ አውጥተን፣ በተዋስነው ዘንግ ዲንሾ አጠገብ ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ለማጥመድ ሞከርን። ከብዙ ድካም በኋላ ከመካከላችን አንዱ ያዘ። ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለበት ውብ ዓሣ ነበር። እየተቀባበልን ፎቶ ተነሣን። ከዚያም «ምስኪን፣ ይኑር እንጂ!» ብለን ወደ ውሃው መለስነው። በደግነታችን ረክተን ቆመን ስናይ፣ ዓሣው ትንሽ ተንፈራገጠና ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ውሃው ወሰደው።

ማታ እሳት ዳር ስንጫወት፣ ጣና ዳር ያደገው ጓደኛችን እንዲህ አለን፦ «አባቴ ዓሣ ሲያወጣ እኛ እንበላለን፤ የተረፈውን እንሸጣለን። እናንተስ ምን ፈልጋችሁ ነው?» መልስ አጣን። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ያልመለስነው መልስ ነው።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደሆነ እንይ። በዝንብ ማጥመድ የሚባለው መንጠቆን በላባና በክር ጠቅልሎ ነፍሳት ማስመሰል ነው። ትራውት ፊቱን ወደ ወንዙ ምንጭ አዙሮ የሚመጣለትን ይጠብቃል፤ በተለይ በሰሜኑ አገሮች በጋ፣ ማለትም እኛ ዘንድ ክረምት በሆነበት ወራት፣ ነፍሳት ውሃው ላይ ሲያርፉ ብቅ እያለ ይለቅማል። አጥማጁ የትኛው ነፍሳት በየትኛው ሰዓት እንደሚወጣ ማጥናት አለበት። ሙያው ባጭሩ ዓሣን የሚያሳምን ውሸት መሥራት ነው።

ታዲያ ብዙዎቹ የያዙትን መልሰው ይለቃሉ። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም፤ ሁሉም የያዘውን ወደ ቤቱ ቢወስድ ወንዙ ባዶ ይቀራል ይላሉ። በአሜሪካ የሞንታና ክፍለ ግዛት ለብዙ ዘመን በገንዳ የረባ ዓሣ ወንዝ ውስጥ ይጨመር ነበር። በማዲሰን ወንዝ የተደረገው ጥናት ግን ይህ ወንዙ ውስጥ የተወለደውን ትራውት እንደሚጎዳ አሳየ። ስለዚህ በ1974 እ.ኤ.አ. ክፍለ ግዛቱ፣ ትራውት ራሱን ችሎ በሚራባባቸው ወንዞች ላይ ዓሣ መጨመሩን አቆመ። እንግዲህ ከጨዋታው ወንዙን የሚወድ፣ ከሚወዱትም ውስጥ ወንዙን የሚጠብቅ ሰው ሊወጣ ይችላል። ይህን መካድ አንችልም።

ዳሩ ግን ዓሣው በጨዋታው ተስማምቷል ወይ? በ2003 እ.ኤ.አ. ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በብሪታንያ ባደረጉት ጥናት፣ ትራውት ፊቱና አፉ አካባቢ ጉዳትን የሚያስተውሉ ነርቮች እንዳሉት አሳይተዋል። «ይህ እንደኛ ሕመም ነው ማለት አይደለም» የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። እሺ፣ ይሁን። ግን ጥርጣሬ ካለ የጥርጣሬው ጥቅም ለማን ይሰጥ? ዘንግ ለያዘው ወይስ መንጠቆ ለዋጠው? በጀርመን አገር ሕጉ እንስሳን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትን ስለሚከለክል፣ ለመልቀቅ ብቻ ብሎ ማጥመድ ባጠቃላይ አይፈቀድም። እዚያ የጓደኛችን አባት ምክንያት አለው፤ እኛ የለንም።

እኛ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፦ ምሕረት የሚለካው ዓሣው ሲለቀቅ ሳይሆን ዘንጉ ሳይወረወር በፊት ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በሞቀ ውሃ ውስጥ ታግሎ የደከመ ትራውት ዋኝቶ ቢሄድም እንኳ፣ ከዓይናችን ከራቀ በኋላ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው በሞንታና የወንዙ ሙቀት ሦስት ቀን በተከታታይ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ የሚታገደው። ሕጉ ሦስት ቀን ይጠብቃል፤ ኅሊና ግን የግድ ሦስት ቀን መጠበቅ የለበትም። በመጀመሪያው የሙቀት ቀን፣ ዓሣው ፊት ለፊቱ ብቅ ጥልቅ እያለ፣ ማንም ሳያየው ዘንጉን አጣጥፎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው እሱ በእርግጥ ምሯል፤ የሚወደውን ነገር ትቷልና። ደስታውን ጨርሶ የሚለቅ ግን ምን ከፈለ? የጠገበ ሰው ትርፍራፊውን ስለሰጠ ቸር ይባላል እንዴ?

የዌብ ውሃ ቀዝቃዛ ነበር፤ በሙቀት ማመካኘት አንችልም። ዓሣውን የገደልነው እኛው ነን፤ በደረቅ እጃችን፣ ከውሃ ውጭ ባቆየንበት ጊዜ፣ ፎቶው እንዲያምር ስንል። ልንለቀው ከልብ አስበን ቢሆን እጃችንን አርሰን፣ ከውሃው ሳናወጣ፣ ቶሎ መንጠቆውን በነቀልን ነበር። አየር ላይ አውጥተን ያቆየነው ለእሱ ብለን አልነበረም።

በመካከላችን ስምምነት የለም። አንዳንዶቻችን ዳግመኛ ዘንግ አንነካም ብለናል። ሌሎቻችን የመጀመሪያውን ይዘን፣ በልተን፣ እዚያው እናቆማለን ብለናል። የጣናው ልጅ ሁለታችንንም እየሰማ ይስቃል። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም ተስማምተናል፤ ራሳችን የጀመርነውን በደል ስላቆምን ብቻ ምስጋና መጠበቅ የለብንም። ይህ ደግሞ በወንዝ ዳር ብቻ የሚያጋጥም ነገር አይመስለንም። አንባቢ ሆይ፣ አንተስ፣ አንቺስ ምን ትላላችሁ?