ስለ ዝምተኛው ተማሪ

በያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ የማይመልስ፣ እጁንም የማያነሣ አንድ ልጅ አይታጣም። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እርሱ በመስኮት ይመለከታል፤ ጓደኞቹ በአንድ ድምፅ ሲያነቡ የርሱ ከንፈር አይንቀሳቀስም። ይህን ልጅ አንዱ ሰነፍ፣ ሌላው እልኸኛ፣ ሦስተኛው ጨዋ ይለዋል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ መምህር ዝም ያለውን ልጅ በግድ የማናገር መብት አለውን? ወይስ ዝም እንዳለ ሊተወው ይገባዋልን?

ማናገር ይገባል የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ትምህርት ቤት የሚኬደው ለመማር ነው፤ ያልመለሰ ልጅ ይወቅ አይወቅ አይታወቅም፤ አንዱ ሲፈቀድለትም ሌላው ይከተለዋል ይላሉ። መተው ይሻላል የሚሉትም «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ ልጅ በጊዜው ይከፈታል ይላሉ። እኛ በሁለቱም መንገድ ሄደን ስላየነው፣ የደረሰብንን ሳንሸሽግ ብንናገር ለአንባቢ ይጠቅም ይሆናል።

ወደ መሥሪያ ቤት ከመግባታችን በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ አስተምረን ነበር። በሦስተኛው ክፍል ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረን። አንድ ቀን «7 በ8 ሲባዛ ስንት ነው?» ብለን ጠየቅነው፤ ዝም አለ። ደግመን ጠየቅነው፤ አሁንም ዝም አለ። ያን ጊዜ ነገሩ የሒሳብ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የክብራችን ጥያቄ ሆነብን። እስኪመልስ ድረስ ከሰሌዳው ፊት አቆምነው፤ ልጆቹ ሣቁበት፤ እኛም አልከለከልናቸውም። እንባውን አየን እንጂ ድምፁን አልሰማንም። በማግሥቱ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ በሠልስቱም እንዲሁ።

ከዚህ በኋላ የሠራነው ጥፋት ግን ከመጀመሪያው የባሰ ይመስለናል። ልጁ በሳምንቱ ሲመለስ ዳግመኛ እንዳናሳፍረው ብለን ምንም አልጠየቅነውም። ስሙን ከመዝገብ ከመጥራት በቀር ሁለት ወር ሙሉ አላነጋገርነውም። ይህንንም ርኅራኄ አልነው። በእውነቱ ግን ልጁን ከትምህርቱ አስወጥተን፣ ወንበሩን ብቻ ትተንለት ነበር።

በዚያው ትምህርት ቤት የነበሩ አንድ ሽማግሌ መምህር ነገሩን ተመልክተው ኖሮ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ አቆምኸው፤ ኋላም ረሳኸው። እስቲ አሁን ደግሞ ሥራ ስጠው» አሉን። በሚቀጥለው ሳምንት ርዝመት መለካት ስናስተምር ክፍሉን ወደ ግቢው አወጣንና የገመዱን ጫፍ ለርሱ ሰጠነው። ሌላው ልጅ ሜትሩን ሲቈጥር ተሳሳተ። ያን ጊዜ ዝምተኛው ልጅ ጐንበስ ብሎ «42 ነው፤ 43 አይደለም» አለው። በትምህርት ሰዓት የሰማነው የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር፤ የተናገረውም ለጓደኛው እንጂ ለኛ አልነበረም። እኛም እንዳልሰማ ሰው ሆነን ቍጥሩን ጻፍነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን ያነሣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ደብተሩ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

አባቶቻችን ምንም እንኳ አርጩሜ ያበዙ ቢሆኑ፣ ይህን ነገር ፈጽመው አልሳቱትም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ኋላም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ዝምታው የሥራው ክፍል ስለ ሆነ ማንም አይወቅሰውም። በፊደል ቤትም ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽለዋል፤ የኔታን የሚፈራው ሕፃን አፉን አስቀድሞ የሚፈታው እንደርሱ ካለው ልጅ ዘንድ ነው። ትምህርት አልገባ ብሎት ስለ ሸሸው ስለ ቅዱስ ያሬድ በሚነገረው ታሪክም፣ ደጋግሞ እየወደቀ ዛፍ የወጣውን ትል ሁላችንም እናነሣለን፤ ተመልሶ ሲመጣ የተቀበለውን አጎቱን መምህር ጌዴዎንን ግን እንዘነጋለን። በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ኖሮ የትሉ ምሳሌ ምን በጠቀመው ነበር?

ደግሞም የዝምታ ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ልጅ ጆሮው በደንብ አይሰማም፤ ሌላው ቁርስ ሳይቀምስ መጥቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከመደንገጉ በፊት፣ ብዙ ሕፃን ዝም ይል የነበረው ከእናቱ ባልሰማው ቋንቋ ስለሚጠየቅ ነበር፤ ዛሬም ከሌላ አገር ለመጣ ልጅ ይህ ችግር አልቀረለትም። በቤቱ እንደ ልቡ እየተናገረ፣ ትምህርት ቤት ሲደርስ ቃል የማይወጣውም አለ፤ ሐኪሞች ይህ ከጭንቀት የሚመጣ እንጂ እልኸኝነት እንዳይደለ፣ ማስገደድም እንደሚያብሰው ያስረዳሉ። እንግዲህ ምክንያቱን ሳይመረምሩ መቅጣት፣ ሳይመረምሩም መተው፣ ሁለቱም ያለ ምስክር መፍረድ ነው።

«በ40 ደቂቃ ውስጥ 50 ልጅ የሚያስተምር መምህር ለአንዱ ምን ጊዜ አለው?» የሚለን መምህር ቢኖር አቤቱታው እውነት ነው፤ ለያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ነገር ግን የገመድ ጫፍ ለማስያዝ፣ ጠመኔ ለማሳደል፣ መልሱን ለጎረቤቱ እንዲነግር ለመፍቀድ፣ ወይም በደብተሩ ጽፎ እንዲያሳይ ለማድረግ ተጨማሪ ሰዓት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልጁ መኖሩን ማሰብ ነው።

ይህም ነገር በትምህርት ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። በመሥሪያ ቤታችንም በስብሰባ ላይ ቃል የማይተነፍስ ጸሐፊ፣ ማመልከቻውን ይዞ ከበሩ አጠገብ የሚቆም ባላገር አለ። «የሚለው ቢኖረው ይናገር ነበር» እያልን ስንቱን አሰናብተናል!

ስለዚህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። መምህር የልጁን አፍ በግድ የማስከፈት መብት የለውም፤ ረስቶ የመተው መብት ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ግዴታው ለዝምተኛው ልጅ በትምህርቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ መስጠት፣ ከዚያም መታገሥ ነው። ያ ልጅ ዛሬ ወዴት እንዳለ አናውቅም። 7 በ8 ሲባዛ 56 መሆኑን ግን፣ ከሰሌዳው ፊት ባቆምነው ቀንም ሳያውቀው የቀረ አይመስለንም።