የጳጉሜን ጾምና የቡለን አዲስ ዓመት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መስከረም 1 ቀን ርእሰ ዐውደ ዓመት፣ ማለትም የዓመቱ ዑደት መነሻ፣ ተብሎ ይከበራል፤ ዓመታቱም በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይሰየማሉ። አዲሱን ዓመት አስቦበትና ወስኖ በእምነት መቀበል ምን እንደሆነ ከበዓሉ ይልቅ የሚያሳየው ግን የጳጉሜን ጾም ነው፤ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት ውጭ የሆነ የፈቃድ ጾም፣ ማለትም ምእመኑ ሳይገደድ የሚይዘው ጾም፣ በመሆኑ የሚጾመው የወሰነ ብቻ ነው።

ይህ ውሳኔ ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው በጉርብትና በሚኖሩባት በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ እጅግ ይከብዳል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የነቢያት ጾም ሳይፈታ፣ በበኩጂ ቀበሌ ንጋት ላይ በተፈጸመ ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ነበር፤ መባን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅን የሚያዘው ትምህርትም የሚገኘው በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው።

ትእዛዙ በቅድሚያ የተሰጠው ወንድሙ ለተቀየመበት ሰው መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ስለዚህ ሐዘንተኛውን «ይቅር በል» ብሎ ማጣደፍ፣ በዳዩ ሳይናዘዝና ሳይክስ፣ ንስሓን ማለትም ከጥፋት መመለስን ባዶ ያስቀራል። ለሐዘንተኛው የጳጉሜን ጾም የሟቾቹን ስም በጸሎት እየጠራ፣ የጎረቤቱን ልጅ ግን በሌላ ሰው ደም ላለመጠየቅ በየማለዳው የሚወስንበት ጊዜ ሊሆን ይችላል።