የመጨረሻው ድንጋይ

ጓደኞቼን ከርሊንግ ሳሳያቸው «በረዶ እየጠረጉ ነው እንዴ?» ብለው ይስቃሉ። እኔን ግን ይህ ጨዋታ የያዘኝ በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቡድን ሲሳሳት ጥፋቱ የማን ነው?

ስኮትላንዳዊቷ ኢቭ ሚዩርሄድ እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨር ኦሎምፒክ የብሪታንያን ቡድን ስትመራ 19 ዓመቷ ነበር። በከርሊንግ መሪው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ድንጋዮች ራሱ ያንሸራትታል። 20 ኪሎ የሚጠጋው ግራናይት ከእጁ ከወጣ በኋላ የቡድን አጋሮቹ ከፊቱ በረዶውን ይጠርጋሉ፤ ሲጠርጉ ድንጋዩ ራቅና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ የነሐስ ሜዳሊያው በሚዩርሄድ የመጨረሻ ድንጋይ ላይ ተንጠለጠለ። ሳተች፤ ጃፓን 5 ለ 3 አሸነፈች። የጠረጉት ሌሎች ቢሆኑም ድንጋዩ የሷ ነበር።

እኔ ትንሽ ቡድን የምመራ ፕሮግራመር ነኝ። ባለፈው ዓመት ሲስተማችን ሲወድቅ መጀመሪያ የፈለግኩት ኮዱን ማን እንደጻፈው ነው። ልጁ ጀማሪ ነበር። አይቼ ያጸደቅኩት ግን እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ የሱን ስም ጠራሁ፣ የራሴን ዋጥኩ።

በከርሊንግ እየሄደ ያለ ድንጋይ በመጥረጊያህ ከነካህ፣ ማንም ባያይህ እንኳ ራስህ ትናገራለህ። የጨዋታው ወግ ነው።

ሚዩርሄድ በ2022 ቤጂንግ ላይ ያችኑ ጃፓንን 10 ለ 3 አሸንፋ ወርቅ ወሰደች። ደስ ይላል። ግን ወርቁ ባይመጣም የ2018ቱ ድንጋይ የሷ ከመሆን አይቀርም ነበር።

ልጁን ለብቻው ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ስሙን የጠራሁት ግን ሰው ፊት ነው። ሰኞ ስብሰባ አለን።